ልጁ ምግብ እምቢ ሲል ኢንሱሊኑ ለምን አይቋረጥም?

ጥያቄ፦ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ልጅ ታሞ ምግብ እምቢ ሲል፣ ብዙ ወላጆች «ባዶ ሆዱን ስኳሩ ይወርድበታል» ብለው መርፌውን ያቆማሉ። ልጁ ማስታወክ ይጀምርና ሆስፒታል ሲደርስ «ኬቶን በዝቶበታል» ይባላል። ምንም ሳይበላ ኬቶኑ ከየት መጣ?

መልስ፦ ከገዛ ስቡ ነው። ሰው ሳይበላ ሲቆይ ሰውነቱ ያጠራቀመውን ስብ መጠቀም ይጀምራል። ስብ ደህና ስንቅ ነው፤ አንድ ግራሙ 9 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሲሰጥ፣ ከአንድ ግራም ስኳር የሚገኘው 4 ገደማ ነው። ስቡ ከልክ በላይ እንዳይለቀቅ የሚይዘው ደግሞ ኢንሱሊን ነው።

ጥያቄ፦ ስቡ ሴል ውስጥ ምን ይሆናል?

መልስ፦ ከክምችቱ የተለቀቁት ፋቲ አሲዶች በደም ተጉዘው ሴል ውስጥ ይገባሉ። ረጃጅሞቹን ኃይል ወደሚመነጭበት ሚቶኮንድሪያ የሚያሻግራቸው ካርኒቲን ነው። እዚያ ሰንሰለታቸው ሁለት ሁለት ካርቦን እየተቆረጠ ያልቃል። በቅቤም በሰው ስብም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፓልሚቲክ አሲድ 16 ካርቦን አለው፤ 7 ጊዜ ተቆርጦ አሴታይል ኮኤ የሚባሉ 8 ባለ ሁለት ካርቦን ቁራጮች ይወጡታል። ጀርመናዊው ፍራንዝ ክኖፕ ይህን አቆራረጥ የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው፤ ምልክት ያለው ፋቲ አሲድ ለውሾች አብልቶ ሽንታቸውን መረመረ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ መብዛቱ ላይ። ጉበት ከአቅሙ በላይ አሴታይል ኮኤ ሲከማችበት ወደ ኬቶን ይለውጠዋል። በመጠኑ ከሆነ ይጠቅማል፤ በረጅም ረሃብ ጊዜ አንጎልን የሚደግፈው ኬቶን ነው። ጤነኛ ጿሚ ጥቂትም ቢሆን ኢንሱሊን ስላለው ኬቶኑ ልክ አያልፍም። ኢንሱሊን ሲጠፋ ግን ስቡ ያለ ከልካይ ይለቀቃል፣ ደሙም አሲድ ይሆናል። በዚያ ላይ ሕመሙ ራሱ ስኳሩን ስለሚጨምረው፣ ልጁ ባይበላም ስኳሩ ሊያሻቅብ ይችላል።

ኢንሱሊን ኬቶንን እንዴት እንደሚገታ ቶሮንቶ ውስጥ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 የ14 ዓመቱ የስኳር ሕመምተኛ ሊዮናርድ ቶምፕሰን የመጀመሪያውን የኢንሱሊን መርፌ ሲወጋ ስኳሩ ጥቂት ቢቀንስም ኬቶኑ አልለቀቀውም። መድኃኒቱ ተጣርቶ ጃንዋሪ 23 ቀን እንደገና ሲሰጠው ግን ኬቶኑ ከሽንቱ ጠፋ።

ጥያቄ፦ ቤተሰብ ምን ያድርግ?

መልስ፦ ኢንሱሊኑን ጨርሶ አያቁም፤ መጠኑ በሐኪም ምክር ይስተካከላል። ጠበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ። በሕመሙ ቀናት ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ይለካ፣ የሽንት ኬቶን ይመርመር፣ ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው። ማስታወኩ ካላቆመ፣ ትንፋሹ ጥልቅና ፈጣን ከሆነ፣ አፉ አሴቶን አሴቶን ከሸተተ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ «ጠዋት እንወስደዋለን» አይባልም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል መድረስ አለበት።