የመጫወቻ መኪና ስብስብ እንደ ትምህርት መርጃ መሣሪያ

የመጫወቻ መኪና መሰብሰብ የልጅ ሥራ ነው የምትሉ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብባችሁ ፍረዱን። እኛ የምናወራው ስለ ሬሾ፣ ስለ ብረታ ብረትና ስለ ሐረር መኪኖች ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከትናንሽ የብረት መኪኖች መካከል ስማቸው የገነነው ዲንኪ የተባሉት ናቸው። የሠራቸው ፍራንክ ሆርንቢ የተባለ እንግሊዛዊ በሊቨርፑል ያቋቋመው መካኖ ኩባንያ ነው። መጀመሪያ የወጡት ለመጫወቻ ባቡሩ ማጀቢያ እንዲሆኑ ሲሆን፣ ዲንኪ የሚለውን ስም ያገኙት በ1934 ነው። ባቡሩ የተሠራው አንዱን ጫማ በ7 ሚሊ ሜትር እየተካ ነበር። ስለዚህ መኪናውም ከእውነተኛው 43 ጊዜ ያህል ያነሰ ሆነ። ሰብሳቢዎች እስከ ዛሬ 1 ለ43 የሚሉት መለኪያ ከዚህ የመጣ ነው። አንድ ጫማ 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለ7 አካፍሉና እዩት።

የማችቦክስ ታሪክ ደግሞ ለእኛ ለመምህራን የተለየ ጣዕም አለው። ጃክ ኦዴል የተባለው ባለሙያ ልጁ የምትማርበት ትምህርት ቤት፣ ክብሪት ቤት ውስጥ ከሚገባ ዕቃ በስተቀር መጫወቻ ይዞ መምጣትን ከልክሎ ነበር። አባትየው ምን አደረገ? ክብሪት ቤት ውስጥ የምትገባ የመንገድ መዳመጫ ሠርቶ ሰጣት! ከ1953 ጀምሮ በዚሁ ዓይነት የተሠሩት መኪኖች ዓለምን አዳረሱ። እንግዲህ አንድ የትምህርት ቤት ደንብ አንድ ኢንዱስትሪ ወለደ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሁሉም እሳጥኑ ውስጥ መግባት ስለ ነበረባቸው አውቶቡሱና የቤት መኪናው ቁመታቸው እኩል ለእኩል ሊሆን ምንም አይቀረው። ሁለቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ «ለምን እኩል ሆኑ?» ብሎ ተማሪን መጠየቅ፣ ስለ ሬሾ ግማሽ ሰዓት ከማውራት ይሻላል።

ብረቱ ዛማክ ይባላል፤ ዚንክ፣ አልሙኒየም፣ ማግኒዚየምና መዳብ የተቀላቀሉበት ነው። ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ስለሚቀልጥ በግፊት ወደ ብረት ፎርማ ይገባና ወዲያው ይረጋል። ዚንኩ ውስጥ ጥቂት እርሳስ (መጻፊያውን ሳይሆን ብረቱን ማለታችን ነው) ከገባ ግን መኪናው በዓመታት ውስጥ ተሰነጣጥቆ ይፈረፈራል፤ እርጥበት ደግሞ ያብሰዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠሩት ብዙዎቹ ያለቁት በዚህ ነው።

ወደ ከተማችን እንምጣ። ሐረር ፔዦ 404ን የማያውቅ የለም። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1960 እስከ 1975 የተሠራው ይህ መኪና እዚህ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል። ዛሬ መንገዱን ባጃጅ ቢሞላውም አሮጌዎቹ ፔዦዎች ፈረስ መገላ አካባቢ አሁንም አልፎ አልፎ ይታያሉ። የዲንኪ የፈረንሳይ ቅርንጫፍ ፔዦ 404ን በትንሹ ሠርቶት ነበር። የእውነተኛው ርዝመት 4 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለ43 ሲካፈል 10.3 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። እኛም ለማረጋገጥ በሲባጎ አንዱን ታክሲ ለካን። ባለቤቱ አዛውንት፣ «ልጆቼ፣ ልትገዟት ነው ወይስ ልትገንዟት?» ብለው ቢያሾፉብንም የሲባጎውን ጫፍ ራሳቸው ያዙልን።

(በነገራችን ላይ በጁገል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ስሙን ያገኘው ከታክሲ ሳይሆን ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው። የቋንቋ ሠልጣኞች ይህን ቢያጠኑት ደግ ነው።)

አሁን ዋናውን እንበል። የብረቱን መኪና በውድ ዋጋም ቢሆን ዛሬ ማግኘት ይቻላል፤ የድሮዎቹን መልክ ይዘው እንደገና የተሠሩም አሉ። የማይገኘው የሐረር ልጆች ከሽቦ፣ ከጣሳና ከቆርኪ የሚሠሩት ነው፤ ምክንያቱም ማንም አያስቀምጠውም። ለማስተማር ልምምድ ከሄድንበት ክፍል ከአንድ ተማሪ የተዋስነው የሽቦ ፔዦ 37 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። ይኸውም 1 ለ12 መሆኑ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣ ይመስል! ጎማው ግን 3.2 ሳንቲ ሜትር ነው። በ12 ሲባዛ 38 ይሆናል፤ የእውነተኛው ጎማ ደግሞ ከ60 ይበልጣል። ታዲያ ልጁ ተሳስቶ ነው? የለም፤ ቆርኪ ከዚያ አይበልጥማ! ማችቦክስን ሳጥኑ እንደ ወሰነው የእኛንም ልጅ ቆርኪው ወሰነው። መሪውን ደግሞ ቆሞ እየሄደ እንዲነዳው በረጅም ሽቦ ወደ ላይ አውጥቶታል፤ ይህን ዲንኪ አላሰበውም።

ሆኖም በአንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ዓይነት መኪኖች «ረብሻ» ተብለው ተቀምተው፣ ከተሰበረ ጠመኔ ጋር ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገቡ አይተናል። ክፍል ውስጥ ጎማ ማስጮህ ደንብ መተላለፍ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን መምህሩ መኪናውን እስከ ደወል ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጠውና በማግስቱ ለሂሳብ ክፍለ ጊዜ ቢያመጣው ምን ይጎድልበታል?

ዕቃ ከየቤቱ ለቅሞ ማኖር ለሐረር እንግዳ አይደለም። የአቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም በግል ቤት የተጀመረ ስብስብ ነው፤ በ2007 ወደ ራስ ተፈሪ ቤት ተዛወረ። የእኛ ለጊዜው ሁለት ካርቶን ብቻ ነው። በእያንዳንዱ መኪና ላይ በወረቀት የምንጽፈው፦ የሠሪውን ዕድሜና ቀበሌ፣ ከምን እንደ ተሠራ፣ ምን መኪና እንደ ታሰበ፣ ርዝመቱንና ሬሾውን ነው። ልጁ ንብረቴን መልሱልኝ ካለ ለክቶና ሥዕሉን ወስዶ መመለስ ግዴታ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር አንፈልግም።

በሚቀጥለው የልምምድ ወቅት ወደየትምህርት ቤቱ የምትወጡ ጓደኞቻችን ማስመሪያና ሲባጎ ያዙ። መምህሮቻችንም በመርጃ መሣሪያ ክፍሉ ውስጥ፣ ከመስኮቱ ራቅ ያለና እርጥበት የማይደርስበት አንድ መደርደሪያ እንዲፈቅዱልን በትሕትና እንጠይቃለን።