ሐቁ ከትንሽ ልጅ አፍ ሲመጣ

 

የዛሬውን ትምህርት በራሴ ጥፋት ልጀምር። ኩልመስክ ውስጥ ከመግሪብ በኋላ የተፍሲር ደርስ እየሰጠሁ ነበር። ሱረቱል ሙደሲር ላይ ደርሰናል። ከአንቀጽ 18 ጀምሮ ስለተነገረለት ሰው እያብራራሁ ነው፤ ቁርኣንን ሰምቶ ስላሰበና ስለገመተ፣ ፊቱን ስላጨማደደ፣ ከዚያም ጀርባውን ሰጥቶ ስለኮራና የሰማውን ድግምት ነው ስላለ ሰው። "ይህ ሰው አቡ ጀህል ነው" አልኩና ወደ ቀጣዩ አለፍኩ።

ከኋላ ከተቀመጡት ደረሶች አንዱ እጁን አወጣ። አስራ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላውም፤ ቀን ፍየል ሲጠብቅ የሚውል ልጅ ነው። "ኡስታዝ፣ አፉ ይበሉኝና፣ ሸሆቹ ወሊድ ኢብኑል ሙጊራ ነው ብለው ነው ያቀሩን" አለ።

ልጁ ልክ ነበር። ሙፈሲሮች አንቀጹ የወረደው በወሊድ ነው ይላሉ፤ እኔም አውቀዋለሁ፣ ምላሴ ነው የሳተኝ። "አዎ፣ ተሳስቻለሁ" ብል በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። እኔ ግን ፊቴ ጋለና "እንደዚያ የሚሉም አሉ" ብዬ አለፍኩት። ልጁ አንገቱን ደፋ፣ ደርሱም ቀጠለ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ስለ ኪብር የወረደን አንቀጽ እያስተማርኩ፣ በዚያው አንቀጽ ላይ ኪብር ሠራሁ።

ራሴን አንድ ነገር ጠየቅኩ፤ ያረመኝ አንድ ትልቅ ዓሊም ቢሆን ኖሮ ምን እል ነበር? መልሱን አውቀዋለሁ። "ጀዛኩሙላሁ ኸይረን" ብዬ እጃቸውን እስም ነበር። እንግዲያው የመለስኩት እርማቱን አልነበረም፤ ልጁን ነው። ልጁን ስመልሰው ግን በእጁ የያዘውም ሐቅ አብሮት ተመለሰ።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ ኪብር ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉትና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በልቡ ውስጥ የብናኝ ታህል ኪብር ያለበት ጀነት እንደማይገባ ሲናገሩ አንድ ሰው ተጨነቀ። ሰው ልብሱም ጫማውም እንዲያምርለት ይወዳል፣ ይህም ኪብር ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ውብ እንደሆነና ውበትን እንደሚወድ ነገሩት። ኪብር ማለት ሐቅን አልቀበልም ማለትና ሰዎችን መናቅ መሆኑንም አስረዱት።

ሁለቱ ነገሮች ለምን አብረው ተነገሩ? ብዙ ጊዜ አንደኛው የሌላኛው በር ስለሆነ ነው። ሰውን ስትንቅ እሱ የያዘውን ሐቅም ትንቃለህ።

ኢብሊስን ተመልከቱ። ኢብሊስ አላህ መኖሩን የካደ አልነበረም። ጌታዬ ብሎ ጠርቷል፣ ጊዜ እንዲሰጠው ለምኗል፣ በአላህ ኃያልነትም ምሏል። ሱረቱ ሷድ ይህን ሁሉ ይነግረናል። ዕውቀት አልጎደለውም። ያጠፋው ከእሳትና ከጭቃ የተቆጠረ ሂሳብ ነው፤ "እኔ ከእሱ እበልጣለሁ" ማለቱ። ዓይኑ አደም ላይ ሲያርፍ ትእዛዙ ከማን እንደመጣ ረሳ።

ፊርዐውንና ሹማምንቱም እንዲሁ ናቸው። አላህ በሱረቱ ነምል አንቀጽ 14 ልባቸው ተአምራቱን እያረጋገጠ በግፍና በኩራት እንደካዱ ይነግረናል። ሙሳ (ዐ.ሰ.) በነሱ ዓይን ከባሪያ ሕዝብ የተወለደ ነበር። አቡ ጀህልም ቁርኣንን በሌሊት ተደብቆ ያዳምጥ እንደነበር በሲራ ኪታቦች ተዘግቧል። ለምን እንደማያምን ሲጠየቅ ያነሳው ምክንያት የጎሳ ፉክክር ነበር። ሰው በማብላትም በመስጠትም ከነብዩ ጎሳ ጋር እኩል ሲሮጡ ቆይተው፣ አሁን ከእነዚያ ነብይ ተነሳ ቢባል በምን እንድረስባቸው አለ። ስለ ቁርኣኑ ይዘት አንድም ማስረጃ አላቀረበም።

አሁን ደግሞ ወደ ሀገራችን እንምጣ። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ615 ገደማ፣ ከመካ የተሰደዱ ሶሐባዎች ወደ ሐበሻ ምድር ገቡ። ቁረይሾችም ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብኑ አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ላኩባቸው፤ ንጉሡ አስሐማ (ነጃሺ) ስደተኞቹን አሳልፎ እንዲሰጥ ነበር የፈለጉት። በአንድ በኩል ስጦታ የያዙ የመካ መኳንንት፣ በሌላ በኩል ሀገር አልባ ስደተኞች ቆሙ። ንጉሡ ግን ሳልሰማቸው አልሰጥም አለ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) ተናገሩ፤ ከሱረቱ መርየም ሲያነቡም ንጉሡ ጺሙ እስኪርስ አለቀሰ። በማግስቱ ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ተጠይቀው ሐቁን ሲናገሩ በዙሪያው ያሉት ሹማምንት አጉረመረሙ። እሱ ግን ማጉረምረማቸው ሳይበግረው ስደተኞቹን በሰላም አኖረ፣ ስጦታውንም መለሰ።

በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 82 እና 83 አላህ ሐቅን ሰምተው ዓይኖቻቸው እንባ ስለሚያፈሱ ክርስቲያኖች ሲናገር፣ በመካከላቸው ቀሳውስትና መነኮሳት እንዳሉና እነሱም እንደማይኮሩ ይጠቅሳል። ብዙ ሙፈሲሮች ይህን ከነጃሺና ከባልደረቦቹ ጋር ያያይዙታል። አስተውሉ፤ ከእንባው በፊት የተጠቀሰው አለመኩራት ነው። እኛ የላስታ ልጆች ለቅሶውንም ሰርጉንም ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር ነው የምንካፈለው። በዚህ አንቀጽ ያደገ ወጣት ጎረቤቱን ሊንቅ አይገባውም።

ነጃሺ ዘውድ ጭኖ ከስደተኛ ሰማ። እኔ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ ከደረሳ መስማት አቃተኝ። ልዩነታችን የዕውቀት አይደለም፣ የልብ ነው።

የኪብር ቅጣቱ ደግሞ አኺራ ድረስ አይቆይም። በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 146 አላህ በምድር ላይ ያለ አግባብ የሚኮሩትን ከአንቀጾቹ እንደሚያዞራቸው ይናገራል። ሱፍያን ኢብኑ ዑየይና ይህን ሲያብራሩ ቁርኣንን የመረዳት ጸጋ ይነጠቃሉ ማለት ነው ብለዋል። ከዚህ በላይ ምን የሚያስፈራ አለ? ኪታቡ በእጅህ ነው፣ ተፍሲሩ በስልክህ ላይ ነው፣ ልብህ ግን ተዘግቷል።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ ስለ ቴሌግራምና ስለ ቲክቶክ ክርክራችን እናስብ። አንዱ ማስረጃ ሲያመጣ መጀመሪያ የምናየው ማስረጃውን ነው ወይስ ሰውየውን? "አንተ የማን ተማሪ ነህ?" "አንቺ ምን ታውቂያለሽ?" "የገጠር ልጅ ሊያስተምረን ነው?" እንላለን። አንቀጽ የምንፈልገው ልንመራበት ነው ወይስ ያን ሰው ልናሸንፍበት? አሸናፊነትን ፈልጎ ቁርኣንን የሚተረጉም ሰው መልሱን ቀድሞ ወስኗል፤ አንቀጹን የሚጠራው ለምስክርነት ብቻ ነው።

ይህ ማለት የተነገረንን ሁሉ እንቀበል ማለት አይደለም። ነጃሺም ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ ጠየቀ፣ ሁለቱንም ወገን ሰማ፣ ከመጣላቸው ነገር አንብቡልኝ አለ፣ ከዚያ ፈረደ። መተናነስ ማለት ማስረጃን መመዘን እንጂ ተናጋሪውን አለመመዘን ነው። ማስረጃው ደካማ ከሆነ በአደብ መልስ። ጠንካራ ከሆነ ግን ከፍየል ጠባቂም ቢመጣ ተቀበል።

ለዚህ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጣችሁ። ከእናታችሁ፣ ከታናሻችሁ ወይም ከማትወዱት ሰው ሰምታችሁ፣ ልክ መሆኑን እያወቃችሁ የመለሳችሁትን አንድ እውነት አስታውሱ። ሂዱና "ልክ ነበርክ"፣ "ልክ ነበርሽ" በሉ። ለእናት ደግሞ "ልክ ነበርሽ እማ" በሏት። ቃሉ አጭር ነው፤ ስትሞክሩት ግን ምን ያህል እንደሚከብድ ታያላችሁ። ክብደቱ የኪብሩ ክብደት ነው።

እኔም በቀጣዩ ደርስ ኪታቡን ከመክፈቴ በፊት ልጁን አስነሳሁትና በሁሉም ፊት "ያለፈው ጊዜ ልክ አንተ ነበርክ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አውቄም ሸፋፍኜዋለሁ፣ ዐፍው በለኝ" አልኩት። አፍሮ ፈገግ አለና ተቀመጠ። ያን ቀን ከወትሮው ይልቅ ብዙ እጆች ወጡ። ለካስ እኔ ነበርኩ አፋቸውን የዘጋሁት።

ያ አላህ፣ ሐቅን ሐቅ አድርገህ አሳየን፣ መከተሉንም ለግሰን። ልባችንን ከብናኝ ታህል ኪብር አጥራልን። አሚን።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍንና ሰለዋትን አትርሱ። ወላሁ አዕለም።