ብርሃን ከማን እጅ? የቤት መብራት ምንጭን ስለ መለወጥ



በዚህ እትም የምናጠናው ከቢቸናና ከሞጣ አካባቢ አጥቢያዎች ጋር ስንወያይ ደጋግሞ የሚነሣ ጥያቄ ነው። «እስከ ዛሬ ከጎረቤት ቆጣሪ ስንጠቀም ኖረናል፤ አሁን የራሳችንን ቆጣሪ እናስገባ ወይስ ሶላር እንግዛ?» ይላሉ። ጥያቄው የሽቦና የአምፖል ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን የሚወጣው ገንዘብ ምእመናን ከጉድለታቸው የሰጡት ነው፤ መብራቱን የሚጠብቁትም አረጋዊ ካህን፣ መበለትና የአብነት ተማሪ ናቸው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንዲያሰላ አስተምሯል። እኛም ዛሬ ተቀምጠን እናስላ።

፩. ምርጫችን በምንና በምን መካከል ነው?

እንደ እንግሊዝ ባሉ አገሮች አንድ አባወራ የኤሌክትሪክ ሻጩን ድርጅት በሌላ ድርጅት ሊለውጥ ይችላል። ሽቦው ያው ሆኖ ሒሳቡን የሚቀበለው ብቻ ይለወጣል። በሀገራችን ግን እንዲህ ያለ ምርጫ የለም። የቀድሞው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ሲከፈል፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኃይል የማመንጨትና የማስተላለፍ ሥራን፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ ለደንበኛ የማከፋፈልና የመሸጥ ሥራን ያዙ። ስለዚህ በዋናው መሥመር ለቤታችን የሚሸጥልን አንድ ተቋም ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ምርጫ የለንም ማለት አይደለም። መብራት ወደ አንድ ቤት የሚገባው ወይ በራስ ቆጣሪ፣ ወይ በጎረቤት ቆጣሪ፣ ወይ በሶላር፣ ወይ በጄኔሬተር ነው። ከእነዚህ አንዱም ካልተገኘ ኩራዝ ይቀራል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ «የትኛው ድርጅት?» ሳይሆን «ብርሃኑ የሚደርሰን ከማን እጅ ነው?» የሚል ነው።

፪. የጎረቤት ቆጣሪ በእውነት ይረክሳልን?

ብዙዎች የጎረቤት መሥመር ርካሽ ነው ብለው ያምናሉ፤ የማስገቢያ ክፍያ የለበትምና። እስኪ በምሳሌ እንመርምረው።

አንዲት መበለት አራት አምፖል አላት እንበል፤ እያንዳንዱ 9 ዋት። በየምሽቱ አራት ሰዓት ቢበሩ በወር 4.3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃሉ። ራዲዮና ስልክ ሲጨመር 5 እንበለው። ሦስቱ ጎረቤቶቿ ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው። ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት በወር 56 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ከመብራት ጋር የአንዱ ቤት ፍጆታ 60 ይደርሳል። እንግዲህ ሦስቱ ቤቶች 180፣ መበለቷ 5፣ በድምሩ 185 ኪሎዋት ሰዓት በአንድ ቆጣሪ ላይ ይመዘገባል።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፈለ ነው፤ ፍጆታ ሲያድግ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ያድጋል። ከታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመታት ደረጃ በደረጃ በተደረገው ማስተካከያ እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው የመጀመሪያው እርከን በ0.273 ብር ሲቆይ፣ ከ101 እስከ 200 ያለው እርከን በመጨረሻው ደረጃ 1.625 ብር ደርሶ ነበር። ልዩነቱ ስድስት እጥፍ ያህል ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋው በየሦስት ወሩ ደረጃ በደረጃ ስለሚስተካከል የወቅቱን ተመን ከአካባቢው የአገልግሎት ማእከል መጠየቅ ይገባል። የእርከኑ አሠራር ግን ያው ነው።

አሁን ፍርዱን እንመልከት። መበለቷ የራሷ ቆጣሪ ቢኖራት ከታችኛው እርከን አትወጣም። በጋራው ቆጣሪ ግን ወደማትደርስበት እርከን ተጎትታ ገብታለች። ይባስ ብሎ ሒሳቡ ለአራቱ ቤቶች እኩል ከተከፈለ፣ 5 የተጠቀመችው እናት የ46 ዋጋ ትከፍላለች። የሌላው ቤት እንጀራ በእርሷ ገንዘብ ይጋገራል ማለት ነው። ይህን የሚያደርጉት ጎረቤቶች ክፉዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሒሳቡን ያሰላው ሰው ስለሌለ ነው።

ሁለት ነገር እንጨምር። አንደኛው፣ ውሉ የተጻፈው በባለ ቆጣሪው ስም ነው። ተጋሪው በአገልግሎቱ ዘንድ ደንበኛ ስላልሆነ፣ ጎረቤታሞች የተጣሉ ዕለት ቤቱ ይጨልማል፤ የሚያመለክትበትም ሰነድ የለውም። ሁለተኛው የእሳት አደጋ ነው። በ220 ቮልት የሚሠራ 3,500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ለአምፖል ተብሎ በአጥር ላይ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ይህን አይሸከምም፤ ይግላል፣ ልባሱ ይቀልጣል፣ የሣር ክዳንም ያቃጥላል።

፫. ሶላር የሚችለውና የማይችለው

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ያወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶው ሕዝብ በዋናው መሥመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመሥመር ውጭ በሆኑ እንደ ሶላር ባሉ ምንጮች እንዲዳረስ አቅዶ ነበር። ስለዚህ ሶላር የድሀ ማጽናኛ ሳይሆን የታሰበበት መንገድ ነው።

ለቤት የሚሸጠው ሶላር አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፣ ራዲዮ ያሰማል። ምጣድ ግን አያግልም። ከዲማ ጊዮርጊስ ጀምሮ በአብነት ትምህርት ስሙ በተጠራው በዚህ አካባቢ፣ በጎጆው ውስጥ በኩራዝ ጢስ ለሚያጠና ተማሪ ግን አንድ ጥሩ የሶላር መብራት ዓይኑንም መጽሐፉንም ያድናል።

ስትገዙ ሁለት ነገር አስተውሉ። በጥር ሰማይ የተፈተነ ሶላር በሐምሌና በነሐሴ ደመና ይደክማል፤ ስለዚህ መጠኑን በክረምቱ ለኩ። ደግሞም ሰሌዳው ከሃያ ዓመት በላይ ሊያገለግል ሲችል ባትሪው ግን ቀድሞ ያረጃል። «ባትሪው ሲያልቅ ማን ይለውጠዋል፣ በስንት?» ብሎ ያልጠየቀ ኮሚቴ ከጥቂት ዓመት በኋላ በቤቱ ጣሪያ ላይ ጌጥ ይተዋል።

፬. ውሳኔው እንዴት ይደረግ?

በመጀመሪያ በቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ በዋትና በሰዓት መዝግቡ። ቀጥሎ ምሰሶው ከቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ለኩ፤ የማስገቢያ ክፍያውንና የውስጥ ሽቦ ዝርጋታውን ዋጋ በጽሑፍ ተቀበሉ።

ምሰሶው ቅርብ ከሆነ ወደ ራስ ቆጣሪ መዞር ይሻላል፤ ውሉም በነዋሪው ስም ይሁን። ምሰሶው ሩቅ ከሆነ ወይም ቤቱ የሚፈልገው ብርሃን ብቻ ከሆነ ሶላር ይበቃል። ጄኔሬተር ነዳጅና ጥገና ዘወትር የሚጠይቅ ስለሆነ ለአንድ ቤት የመጨረሻው ምርጫ ነው። ቆጣሪ ያስገባ ቤት የነበረውን ሶላር አይሽጥ፤ መሥመሩ በተቋረጠ ሌሊት ያስፈልገዋልና።

ለጊዜው ከጎረቤት መለየት የማይቻል ከሆነ፣ ሒሳቡ በእኩል ሳይሆን በፍጆታ ይከፈል። ለዚህ ከዋናው ቆጣሪ ቀጥሎ ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት ይረዳል፤ ሥራውንም ባለሙያ ይሥራው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአጥቢያችን ከጎረቤት ቆጣሪ የሚጠቀሙ አቅመ ደካሞች እነማን ናቸው? የሚከፍሉትስ ከተጠቀሙት ጋር ይመጣጠናልን?
2. ለአብነት ተማሪዎቻችን ጎጆ የሚበጀው የትኛው ምንጭ ነው? ባትሪውን ወይም ወርሃዊ ሒሳቡን ከየትኛው ገቢ እንሸፍናለን?
3. ዛሬ የምንገዛው ዕቃ ከሦስት ዓመት በኋላ ቢበላሽ የሚጠግነው ማን ነው?

እነዚህን ጥያቄዎች በሚቀጥለው ስብሰባችሁ አንሥታችሁ መልሱን በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። ስታሰሉም ከአምስቱ አምፖል ቤት በፊት የአንዷን አምፖል ቤት አስቡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።