«ኧረ ተው!» ከማለታችሁ በፊት

ውሻ ያለው ቤት ሁሉ እንግዳ ፊት የማያወራው አንድ ጉድ አለው። ምግቡ በሰዓቱ የሚቀርብለት፣ ስም ወጥቶለት እንደ ቤተሰብ የሚኖር ውሻ ጓሮ ዞር ብሎ ዐይነ ምድር ሲበላ ይገኛል። ልጆች ይጮኻሉ፤ አባወራው ዱላ ይፈልጋል፤ ጎረቤት በአጥር በኩል «ይሄማ ተበላሽቷል፣ ሌላ አምጡ» ብሎ ይመክራል።

ወዳጆቼ፣ ተስፋ አትቁረጡ! አብዛኛውን ጊዜ ውሻው አልተበላሸም፤ እናንተም አሳዳጊነት አላቃታችሁም። ከእናንተ የሚፈለገው ንዴቱን ትንሽ አቆይታችሁ «ለምን?» ብላችሁ መጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ የለመደ ሰው ውሻውን ብቻ ሳይሆን ራሱንም መግዛት ይጀምራል።

ከሁሉ የሚያስጸይፈውን እናስቀድም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሕክምና ተመራማሪው ቤንጃሚን ሃርትና ባልደረቦቹ በሺዎች የሚቆጠሩ የውሻ ባለቤቶችን ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳተሙ። ከውሾቹ 16 በመቶ የሚሆኑት ዐይነ ምድር ደጋግመው የሚበሉ ሆነው ተገኙ። ከስድስቱ አንዱ ማለት ነው፤ ስለዚህ በሰፈሩ ያፈራችሁት እናንተ ብቻ አይደላችሁም! ይበልጥ የሚገርመው ምርጫቸው ነው፦ ሁለት ቀን ያልሞላውን ትኩሱን ይፈልጋሉ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ከተኩላ ዘመን ያመጡታል። ከሰገራ ጋር የሚወጡ የሆድ ትላትል እንቁላሎች ሌላውን እንስሳ ለመበከል እስኪደርሱ ጥቂት ቀናት ይፈጅባቸዋል። የታመመ ተኩላ ዋሻው ደጃፍ ላይ ቢጸዳዳ፣ ያንን ሳይቆይ የበላው ዋሻውን አጸዳ፣ ግልገሎቹንም ከትል አዳነ ማለት ነው። መላምት ቢሆንም እናት ውሻን ላየ ሰው አይከብድም። እሷም ቡችሎቿን እየላሰች ታጸዳዳቸዋለች፤ የሚወጣውንም ራሷ ትበላዋለች። እኛ ብልግና የምንለው በእነሱ ዘንድ የቤት ጽዳት ነበር።

ይኸው ጥናት ለኪስም የሚጠቅም ነገር ነግሮናል። ልማዱን ያስቆማሉ ተብለው በገበያ ላይ የሚሸጡት ዱቄቶችና እንክብሎች ምንም ያህል አልሠሩም። የሚሠራው አካፋ ነው። ውሻው እንደተጸዳዳ ወዲያው ማንሣት! ዱላውንም ተዉት፤ የተመታ ውሻ የሚማረው ቶሎ መዋጥንና ተደብቆ መብላትን ነው።

ሣር ሲበላስ? «ሆዱን አሞት ነው» እንላለን። የሃርት ቡድን ይህንንም ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2008 አጥንቶት ነበር። ሣር ከሚበሉት ውሾች ቀድሞ የሕመም ምልክት የታየባቸው ከአሥሩ አንድ አይሞሉም፤ በልተው የሚያስመልሱትም ከአራቱ አንድ አይደርሱም። እንግዲህ ሣሩ ፀረ ተባይ ያልተረጨበት ይሁን እንጂ ጤነኛ ውሻ ሣር ነጨ ብላችሁ አትሸበሩ።

ያስመለሰውን መልሶ መብላቱ ደግሞ በመጽሐፈ ምሳሌ ሳይቀር የሰነፍ ምሳሌ ሆኖበታል። ግን ወደ ባሌ ተራሮች እንውጣ። ከአገራችን በቀር የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ፍልፈል አድኖ ሲመለስ፣ ለግልገሎቹ ምግቡን ከሆዱ እያወጣ ያጎርሳቸዋል። ወላጆቹ ብቻ አይደሉም፤ የመንጋው ሌሎች አባላትም እንዲሁ ያደርጋሉ። በውሻ ወገን ዘንድ ከሆድ የወጣ ምግብ የመጀመሪያው የልጅነት ጉርሻ ነው። አንዳንዴ ሲያደርገው ካያችሁ ፊታችሁን አዙሩና እለፉት፤ በየዕለቱ የሚያስመልስ ከሆነ ግን ሐኪም ይየው።

ሳያላምጥ የሚውጠውማ ብዙ ወንድምና እህት በከበቡት ገበታ ያደገ ልጅ ነው። የወንድሞቹ ሽሚያ ቀርቶም ሩጫው አልለቀቀውም። ምግቡን በሰፊ ትሪ ላይ በትኑለት፤ ለቅሞ ይብላ። በተለይ ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች በጥድፊያ ሲበሉ ሆዳቸው በአየር ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል፤ ያ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።

አሁን ጥያቄውን ወደ ራሳችን እናዙረው። «ለምን እንዲህ ይበላል?» ካልን «እኛስ ምን እናበላዋለን?» ማለትም የግድ ነው። በበዓል ማግሥት የዶሮ ወጥ ትርፍራፊ እናፈስለታለን። በውስጡ ያለው ያ ሁሉ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠረ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ከዚህ የከፋው የቅርጫ ዕለት የሚሆነው ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት የወጣበት ሳንባ ወይም ጉበት ለሰው አይሆንም ተብሎ ለውሻ ይወረወራል። ከረጢቱ የትል እጭ ነው። ውሻው ሆድ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዐይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በእጅና በአትክልት በኩል ወደ እኛ ይመጣል፤ በእኛም ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። እንዲህ ያለውን ሥጋ አቃጥሉት፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ቅበሩት። ለእኔ ከዐይነ ምድር መብላት ይልቅ የሚያስደነግጠው ይህ የገዛ እጃችን ሥራ ነው።

አፈር፣ ድንጋይ፣ ላስቲክ የሚበላ ውሻ ሰልችቶት ሊሆን ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ከዋለ ምን ያድርግ? የአንጀት ትል ወይም የደም ማነስ ሊሆንም ይችላል። እየበላ የሚከሳ ከሆነ ምግቡ አልተፈጨለት ይሆናልና አትዘግዩ። አንድ ምልክት ግን ከሁሉ ይለያል። ጠባዩ በድንገት ተለውጦ እንጨትና ድንጋይ የሚነክስ፣ ለሀጩ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ስለሚችል «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳትከቱ! ከነከሰ ወይም ለሀጩ ቁስል ከነካ ቦታውን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ አጥባችሁ በዚያው ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

የቀረው ሥልጠና ነው፤ ደስ የሚለውም እሱ ነው። አፉ ውስጥ ያለውን ለመንጠቅ አታባርሩት፤ ለእሱ ጨዋታ ይሆንለታል። «ተው» በሉትና የተሻለ ነገር ስጡት። ሥጋ በእጃችሁ ካለ ድንጋዩን ይተፋዋል። ዛሬ ያልሰማ ነገ ይሰማል፤ ነገ ባይሰማ ከነገ ወዲያ። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ፣ ሳትጮኹ፣ በአንድ ዓይነት ቃል። ልጆቹም ይሳተፉ፤ ከጩኸት ይልቅ ትዕግሥት እንደሚሠራ በዓይናቸው ያያሉ።

ትችላላችሁ! ከዛሬ ጀምሮ ምን እንደበላ፣ መቼ እንደበላ፣ ማን አጠገቡ እንደነበር በወረቀት ያዙና ለእንስሳት ሐኪሙ አሳዩት፤ የትል መድኃኒቱንም በዚያው ጠይቁት። የእብድ ውሻ ክትባቱ ጊዜው አልፎ ከሆነ ግን ሌላውን ሁሉ አቆዩትና መጀመሪያ አስከትቡት።