በምን አወቅሽ?

በመማሪያ መጻሕፍታችን አንድ ተረት ሲያልቅ ከሥሩ የሚመጣውን ጥያቄ ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቀዋል፤ «ከዚህ ታሪክ ምን ተማራችሁ?» ልጆችም መልሱን ታሪኩን ሳያነቡ ያውቁታል። ስግብግብነት ጎጂ ነው፤ ታላላቆችን ማክበር ይገባል፤ መረዳዳት መልካም ነው። ከሦስቱ አንዱን የጻፈ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ራይት ይደረግለታል።

ጥያቄው ራሱ ክፉ አይደለም፤ ችግሩ ያለ ቦታው መምጣቱ ነው። ማን ምን እንዳደረገ፣ ለምንስ እንዳደረገ ሳይጣራ ልጁን «ፍረድ» ማለት ምስክር ሳይሰሙ ብይን እንደ መስጠት ነው። ከዚያ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ግን ችግሩ የት እንደተደበቀ ላሳይ።

በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች፣ በስድስት ቋንቋዎች የታችኛ ክፍል ልጆች የንባብ ችሎታ ተመዝኖ ነበር። ከዚያ ምዘና ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አንድ ቁጥር ነው፤ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከጎኑ ያለው ነው፤ ስለ ምንባቡ ከተጠየቁት አንዱንም ያልመለሱት 48 በመቶ ነበሩ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያሉት ልጆች ቃሉን አንብበዋል፤ ታሪኩ ግን አምልጧቸዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ክፍል ውስጥ አይታወቅም። ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ መምህሩ «ጎበዝ፣ ተቀመጥ» ይለዋል፤ በቃ።

ፊደላችን ራሱ ለዚህ ያመቻል። ሆሄያቱን የለየ ልጅ የማያውቀውንም ቃል ከሞላ ጎደል አስተካክሎ ይጠራዋል። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ቤት ከፊደል ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይኬዳል፤ ትርጓሜ የሚመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ያውም ለዘለቀ ብቻ ነው። ንባቡ ልጁ በማይናገረው በግዕዝ ስለሆነ ለቅደም ተከተሉ ምክንያት ነበረው። ዘመናዊው ክፍል ግን ልጁ በሚናገረው አማርኛ የተጻፈ ታሪክ ይዞ ንባቡን ወረሰና ትርጓሜውን ተወው። የሚያስቆጨው ደግሞ የተተወው ክፍል ሀብታሙ መሆኑ ነው፤ የትርጓሜ መምህር አንዱን ኃይለ ቃል በሁለትም በሦስትም መንገድ ይፈታዋል፣ ለእያንዳንዱም ማስረጃ ይጠራል።

ለመምህራን አንድ የጆሮ ዘዴ ልጠቁም። አማርኛ ሲጻፍ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን አይለይም። «ዋና» ጠብቆ ቢነበብ ሌላ፣ ላልቶ ቢነበብ ውኃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ «ገና»ም እንደዚያው። ጮክ ብሎ የሚያነብ ልጅ እነዚህን በተደጋጋሚ ከሳተ ዓይኑ ሆሄ እየለቀመ እንጂ አሳቡን እየተከተለ አይደለም።

አሁን አንድ ተረት ይዘን እንሞክር። ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ላሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መድበል ስሙን የሰጠው፣ በተራራ ላይ ስለነደደው እሳት የሚያወራው ነው። በራሴ አፍ ሳሳጥረው እንዲህ ነው። አንድ ባለጸጋ አገልጋዩን «ያለ ልብስ፣ ያለ ምግብ፣ ያለ እሳት ተራራው አናት ላይ ካደርክ ቤትና መሬት እሰጥሃለሁ» ብሎ ይወራረደዋል። አንድ ብልህ ሽማግሌ ከሸለቆው ማዶ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ያነዱለታል። አገልጋዩ እሳቱን እያየ፣ ያነደዱትን ሰው እያሰበ ብርዱን ችሎ ያድራል። ሲነጋ ጌታው «እንዴት ቻልከው?» ቢለው ያየውን ይነግረዋል። «እንግዲያው በእሳት ተጠቅመሃል» ብሎ ይከለክለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በኋላ አንድ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ግብዣ ይጠራና የወጡን ሽታ ብቻ እያስሸተተ ያስርባቸዋል። ሲያጉረመርሙ «የሩቅ እሳት ካሞቀ የወጥ ሽታስ ለምን አያጠግብም?» ይላቸዋል። አገልጋዩም ዋጋውን ያገኛል።

«ምን ተማራችሁ?» ብንል «ግፍ መጥፎ ነው» ተብሎ ይዘጋል። እኛ አያት ኮንዶሚኒየም ኮሙናሉ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ከሰበሰብናቸው ልጆች ጋር የጀመርነው ከሌላ ጥያቄ ነው። አገልጋዩ ስለ እሳቱ ለምን ተናገረ? ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። አንዷ «የዋህ ስለሆነ» አለች። «በምን አወቅሽ?» ወደ ጽሑፉ ተመለሰች። ጌታው የጠየቀው «እንዴት ቻልከው?» ብሎ ብቻ ነው፤ ስለ እሳት አላነሣም። አገልጋዩ ያልተጠየቀውን ጨምሮ መለሰ። «የዋህ» የሚለው ቃል በተረቱ ውስጥ የለም፤ እሷ ግን ከየት እንዳወጣችው ማሳየት ቻለች። የታሪክ ትንተና የምንለው ትልቅ ስም ያለው ነገር ከሞላ ጎደል ይኸው ነው፤ ያልተጻፈውን ከተጻፈው ማውጣት፣ ያወጡበትንም ቦታ በጣት ማሳየት።

ቀጥሎ ያልጠበቅነው መጣ። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ «እሳቱ ካልጠቀመው ሽማግሌው ለምን አነደዱለት? ጠቅሞታል እኮ!» አለች። ቤቱ ተናወጠ። ጠቅሞት ከሆነ ጌታው ትክክል ነው ማለት ነው? አንዱ ልጅ ውርርዱን እንደገና አነበበና «ያለ እሳት እደር አለው እንጂ እሳት አትይ አላለውም» ብሎ ተከራከረ። ሌላው «የጠቀመው ሙቀቱ አይደለም፣ የሚያስብለት ሰው መኖሩ ነው» አለ፤ በምን አወቅህ ቢባል «ያነደዱትን ሰው እያሰበ» የምትለዋን ሐረግ አሳየ። እኔም ይህን ተረት ስንት ጊዜ ሳወራ የወጡ ሽታ ክርክሩን የዘጋው ይመስለኝ ነበር። ሽታው የሚመልሰው ለዳኛው ነው፤ ለልጅቷ ግን አይመልስላትም። ሽታ ረኃብን ያባብሳል፣ የሩቅ እሳት ግን ብርድን ያስችላል። ተረቱ ሁለቱን አንድ ያደረጋቸው ለመርታት ነው። ይህን ያየች ልጅ ነገ ማስታወቂያም ሆነ የምርጫ ንግግር ስትሰማ ጆሮዋ ሌላ ይሆናል።

ታሪኩ ራሱ ሳይሆን ከታሪኩ በፊት ያለው እውቀት የሚያደናቅፍበት ጊዜም አለ። የቅዳሜ ልጆቻችን የሚኖሩበት ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ 11ኛ ክፍለ ከተማ የሆነ፣ ሰው ከመሀል ከተማም ከክፍለ ሀገርም የገባበት ሰፈር ነው። በአንድ ብሎክ ቤታቸው አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ የሚነገርባቸው ልጆች አሉ፤ የብዙዎቹ ልጅነት ፎቅ ላይ ነው። ለእነዚህ ልጆች «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ብትሏቸው «ደክሞት ይሆናል» ይላሉ። ስሕተቱ የማሰብ አይደለም። ቁርበት መኝታ እንደነበር፣ ጅብም ቁርበት እንደሚበላ ያላወቀ ልጅ «በማያውቁት አገር» የሚለው ለምን እንደገባ ከየት ያምጣው? በሚያውቁት አገር ማን ያነጥፍለታል!

ሬክትና ሌስሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ልጆችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የሚያወራ ምንባብ አስነብበው ነበር። ንባባቸው ደካማ የሆነ፣ ጨዋታውን ግን የሚያውቁ ልጆች፣ ጨዋታውን ከማያውቁ ጎበዝ አንባቢዎች የበለጠ ታሪኩን ይዘው ተገኙ። ስለዚህ ከንባብ በፊት ሁለት ደቂቃ ስለ ቁርበት ማውራት ጊዜ ማባከን አይደለም። ማውራት ያለብን ግን ስለ ዕቃውና ስለ አገሩ ነው፤ ታሪኩን ቀድሞ ማስረዳት የልጁን ሥራ መቀማት ነው። አያት ያላት ቤት እዚህ ላይ ትልቅ ጥቅም አላት። ሴት አያቷ ተረቱን በኦሮምኛ አውርተውላት ያደገች ልጅ፣ ያንኑ በአማርኛ ስታነብ ግማሹን መንገድ ጨርሳለች፤ ቤት ውስጥ በየትኛውም ቋንቋ ማውራት ነውር ሊሆን አይገባም።

ወላጅ ከመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ደክሞ ገብቶ ይህን ሁሉ ያድርግ አልልም። በአንድ ምሽት ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ «ለምን?» እና «በምን አወቅሽ?» ከተጠየቁ የቀረው ይቅር። ሁለተኛውን እንደ ፖሊስ ምርመራ ባናደርገው ደስ ይለኛል፤ መልሱ ትክክል ሲሆንም መጠየቅ አለበት፣ አለዚያ ልጁ «ተሳስቻለሁ ማለት ነው» እያለ መልሱን መቀያየር ይጀምራል። እንቆቅልሽ ስንጫወትም መልሱን ያገኘውን ልጅ «እንዴት ደረስክበት?» ማለት ያው ልምምድ ነው። ልጁ ማስረጃ ያላገኘለትን ግምት ማጣጣል አያስፈልግም፤ «ገና አላገኘንለትም» ብሎ ማቆየት ይቻላል።

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያሉትን ግን ምንም አናጽፋቸው። መጽሐፉን ዘግቶ ታሪኩን ለታናሹ እንዲያወራ ማድረግ ከአሥር ጥያቄ ይበልጣል፤ የዘለለውን ታናሹ ራሱ «እንዴ፣ ከዚያስ እንዴት ሆነ?» ብሎ ያስመልሰዋል።