ብርሃን ከልሙጥና ከሻካራ ገጽ እንዴት እንደሚመለስ

አንባቢ ሆይ፤ በትምህርት ቤት ሳለህ ከመስኮቱ ማዶ የተቀመጠ ተማሪ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ሲሳነው አይተህ ይሆናል። እኔም በልጅነቴ እንዲህ ሆኜ፥ እንደ ሰነፍ ተቈጥሬ ተገሥጫለሁ። ጥፋቱ ግን የሰሌዳው ነበር እንጂ የዓይኔ አልነበረም፤ ከብዙ ዘመን መጥረግ የተነሣ ገጹ ልሙጥ ሆኖ የመስኮቱን ብርሃን ወደ እኔ ይመልስ ነበርና፥ ነጩ ጽሕፈት በብልጭታው ተሸፈነ።

የነገሩ ሥርዓት እንዲህ ነው። ብርሃን በአንድ ገጽ ላይ በወደቀ ጊዜ፥ በገጹ ላይ ቀጥ ብሎ ከሚቆም መስመር በ30 ዲግሪ ቢመጣ፥ በማዶው በ30 ዲግሪ ይመለሳል። መስተዋት ገጹ የተስተካከለ ነውና ጨረሮቹን ሳይበታትን ይመልሳቸዋል፤ ስለዚህ መልክህን ታይበታለህ። በኖራ የተቀባ ግድግዳ ግን ጥቃቅን ጉብታ የሞላበት ነው። እያንዳንዱ ጉብታ ያንኑ ሕግ ይጠብቃል፤ ነገር ግን አንዱ ወዲህ፥ ሌላው ወዲያ ዘንብሏልና ብርሃኑ ወደ ሁሉ ይበተናል። እንግዲህ የሰሌዳው መድኃኒት በማያብለጨልጭ ቀለም እንደ ገና መቀባት ነው፤ እስከዚያው ድረስ ልጁን ጥቂት እርምጃ ማዛወር ይበቃል።

ልሙጥነትም በእጅ በመዳሰስ ብቻ አይታወቅም። የሚታየው ብርሃን የሞገዱ ርዝመት ከአንድ ሚሊሜትር 1,000ኛ እጅ ያነሰ ነው፤ ጉብታው ከዚህም እጅግ ካላነሰ ገጹ እንደ መስተዋት አይሆንም።

ቀድሞ ብዙዎች ጨረቃ የምታበራ እንደ መስተዋት የተወለወለች ስለ ሆነች ነው ይሉ ነበር። ኢጣሊያዊው ጋሊሌዎ ጋሊሌይ ግን በአውሮጳ አቆጣጠር በ1632 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አሳብ አፈረሰው። አንተም ፈትነው፤ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ትንሽ መስተዋት ስቀል፥ በማዶውም ጥላ ይሁን። ብርሃኑ ከሚመለስበት ከአንዱ ስፍራ በቀር ከየትም ብትቆም መስተዋቱ ከግድግዳው ይልቅ ጨለማ ሆኖ ይታይሃል። ጨረቃም ልሙጥ ኳስ ብትሆን፥ በእርስዋ ላይ የምናየው የፀሐይ ምስል አንዲት ነጥብ ብቻ በሆነች ነበር።

በክረምት ሌሊት መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ሊያስብ ይገባዋል። ደረቅ አስፋልት ሻካራ ነውና ከመብራቱ ብርሃን ጥቂቱን ወደ ነጂው ይመልሳል። ዝናብ ሲዘንብ ግን ውኃው ጎድጓዳውን ሞልቶ ገጹን ያስተካክለዋል፤ የገዛ መብራቱ ብርሃን ወደ ፊት ያልፋል፥ ከፊቱ የሚመጣውም መኪና መብራት ከውኃው ተመልሶ ዓይኑን ይወጋዋል። በዚያን ጊዜ በመንገዱ ዳር ጥቁር ልብስ ለብሶ የሚሄድ እግረኛ ከመንገዱ አይለይም።