ወደ ኤላት የአዕዋፍ ጥብቅ ሥፍራ ለሚሄድ መንገደኛ

የትንሣኤን በዓል በኢየሩሳሌም ለማክበር የተጓዘ ምእመን፣ መሳለሙን ከፈጸመ በኋላ ሁለት ቀን የተረፈው እንደ ሆነ፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ መጽሐፈ ነገሥት የሰሎሞን መርከቦች ስለ ተሠሩባት ስለ ዔጽዮንጋብር ሲናገር አብሮ የሚያነሣትን ኤላትን ቢያይ ድካሙ ከንቱ አይሆንበትም፤ መጋቢትና ሚያዝያ፣ ክረምተ አውሮፓን ሸሽተው በአፍሪካ የሰነበቱት አዕዋፍ ወደየርስታቸው የሚመለሱበት ወራት ነውና።

ጥብቁ ሥፍራ ከከተማዪቱ በስተ ሰሜን፣ በጨው ማምረቻ ኩሬዎችና በተምር እርሻዎች አጠገብ ይገኛል። ቀድሞ ቈሻሻ የሚጣልበት ነበረ። ጥንት በቀይ ባሕር ጫፍ የነበረው ረግረግ በከተማና በእርሻ ተውጦ ቢጠፋ፣ ሰሐራን አቋርጠው የሚመጡት አዕዋፍ ማረፊያ እንዳያጡ በማሰብ፣ የአዕዋፍ ሊቃውንት ያንን ጥራጊ በአፈር አልብሰው፣ ጨውን የሚችል ቍጥቋጦ ተከሉበት።

ብዙው ጎብኚ አንገቱን አቅንቶ ንስርና ጭልፊት ሲፈልግ ይውላል፤ እርሱም አይነቀፍ፣ ሙቀቱ ሲያይል ከምዕራብ ተራሮች በላይ በክበብ እየዞሩ ይታያሉና። በእኔ አስተያየት ግን ዋናው ነገር በቍጥቋጦው ውስጥ ነው። ጎሕ ሲቀድ የደረሰ ሰው፣ በስስ መረብ የተያዙት ወፎች አንድ በአንድ ሲመረመሩ ሊያይ ይችላል፤ መርማሪው ወፏን በመዳፉ ይዞ፣ ቍጥር የተቀረጸበትን ቀለበት በእግሯ ካሰረ በኋላ፣ ክንፏን ይለካል፤ ከዚያም የሆዷን ላባ በትንፋሹ እፍ ብሎ ይገልጥና ከቆዳዋ ሥር ቢጫ ስብ መኖር አለመኖሩን ይመለከታል። ስቡ ያለቀባት ገና ከበረሃ የወጣች ናት፤ ስቡ የሞላላት ግን ለጉዞ ተሰናድታለች። ወንዱ ጥቁር፣ ሴቷ ቡናማ ቆብ የደፉ የሚመስሉትን ትንንሽ ወፎች ያየ ኢትዮጵያዊ በአክብሮት ይመልከታቸው፤ ዘመዶቻቸው በደጋችን ይከርማሉ፤ ምናልባትም እነዚሁ ራሳቸው የእኛን ጥድ ትተው የመጡ ይሆናሉ።

መረብ መንካት፣ ድምፅን ከፍ ማድረግ ነውር ነው። ልብሱ ደብዛዛ ቀለም ቢሆን ይመረጣል፤ ውሃና ባርኔጣም አይረሱ። የዮርዳኖስ ድንበር ቅርብ ስለ ሆነ ፓስፖርት መያዝ ይበጃል። አውቶቡስ የሚጠቀም ሰው ከዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ማታ ድረስ እንደ ልብ እንደማያገኝ አስቀድሞ ያስብ። ከቀትር በኋላ ጊዜ ካለው ደግሞ በጨው ኩሬዎቹ ፍላሚንጎዎችን፣ በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ዐይኗ በነጭ የተከበበችውን፣ ከቀይ ባሕርና ከአካባቢው የማትርቀውን የባሕር ወፍ ይፈልግ።